ኦቲሊ የተጻፈበት ሸራ

ሠዓሊው ዌንደል ከካንሳስ እስከ ነብራስካ ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ እየቃመ ነድቶ ሲደርስ፣ አማቱ እማማ ሁልዳ ግድግዳው ላይ ምስማር መትተው ይጠብቁት ነበር። ሟች ልጃቸው ኦቲሊ ፎቶግራፍ አልነበራትም። መልኳ የቀረው ባሏ በሠርጋቸው ዓመት በሳላት አንድ ሥዕል ላይ ብቻ ነው።

«እስቲ አምጣት፤ ወይስ መንገድ ላይ ሸጥካት?» አሉት።

ዌንደል ከጀርባው «ኦቲሊ» የተጻፈበትን ሸራ ከመኪናው ስቦ አስገባና አዞረው። የስንዴ ጎተራ ነው፤ ባቡር ሐዲድ ዳር የቆመ ግራጫ ጎተራ፣ ሰማዩም ግራጫ። ከሳምንት በፊት የሳለው ነው። ከሚስቱ ቀብር ወዲህ ያን ሁሉ አገር ዞሮ ከሳላቸው ውስጥ የረባው እሱ ብቻ ነበር።

ነገሩ ወዲያው ገባው። የሚስቱን ሥዕል እንዳይነካ ከሁሉ ሥር ነበር ያስቀመጠው። ጎተራውን ከመሳሉ በፊት፣ ጎማው የፈነዳ ዕለት ሸራዎቹን አራግፎ መልሶ ሲጭን፣ ሥር የነበረው ላይ ወጣ። በዚያ ሥራ በጠፋበት ዘመን አዲስ ሸራ የሚገዛ ማን አለ? የድሮው ይፋቅና ነጭ ይቀባል። ሲፋቅ ደግሞ ይዘቀዘቃል፤ ዐይን ምስሉን አይቶ እጅ እንዳይራራ። ዌንደልም ላይ ያገኘውን ስቦ፣ ዘቅዝቆ ፋቀ። ግንባሯንም ጉንጯንም ፋቀ። ያየው ግን ወፍራም ቀለም ብቻ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ሁሉን የሚያየው እንዲሁ ነው።

አሁንም ምንም አልተሰማውም። ሊሰማው እንደሚገባ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ምንም አልፈየደለትም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ እማማ ሁልዳ።

«ተሳስቼ በላይዋ ሳልኩባት፣ እማማ።»

«አንተ ደንቆሮ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ወደ ሸራው ጠጋ ብለው «እና ከሥሩ አለች?»

እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። «አለች» አለ።

«ፊቷ የቱ ጋ ነው?»

ሰማዩን አሳያቸው። እማማ ሁልዳ ቀኝ መዳፋቸውን እዚያው አሳረፉ። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅምና ገና እርጥብ ነበር፤ ዌንደል ግን አልከለከላቸውም። እጃቸውን ሲያነሱ ሰማዩ ላይ አምስት ጣት ታትሞ ቀረ፣ መዳፋቸውም ግራጫ ሆነ። በሽርጣቸው ሊጠርጉት ብለው ተዉት።

«ስቀላት» አሉ።

ሰቀላት። ከዚያ የድንች ሾርባ በግራ እጃቸው ቀዱለት፤ ቀኙ ተጨብጦ ጭናቸው ላይ ነበር።

«ብላ እንጂ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል።»

ከቀብሩ ወዲህ የቀረበለትን ሁሉ ሲበላ የከረመው ዌንደል፣ ያን ቀን ሾርባው አልዋጥ አለው።