የበልዳዶስ ቃል

ሰው ሳይጠይቀኝ የማስተምር ሰው ነኝ። እዚሁ ጅማ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀኝ በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ተናጋሪው ማን ነው?» ክፍል ውስጥ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከክፍል ውጭ ግን ምላሴን ይቁረጠው!

በአዲስ ዓመት ቀን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጥቅስ የተጻፈባቸው ካርዶች በቅርጫት ይዞራሉ። እጅህን ሰደህ አንዱን ታወጣለህ፤ የወጣልህ የዓመቱ የተስፋ ቃልህ ነው። ለታናሽ እህቴ ለታቢታ ከኢዮብ መጽሐፍ ወጣላት፤ ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም ፍጻሜህ ይበዛል የሚለው። ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው ሰርቦ ከተማ ብትሄዱ እንኳ በየሱቁ ግድግዳ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ከስምንት ዓመት ጥበቃ በኋላ፣ ሴት ልጅ ወለደች። በሰባት ወሯ። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ! ታቢታ ሆስፒታል ውስጥ ልጇን እንዲሞቃት ደረቷ ላይ አስራ ትውላለች፣ ታድራለች፤ ካርዷ ከጉያዋ አይለይም። «ጋሼ፣ ጅማሬዋ ታናሽ እንደሚሆን ቀድሞ ነግሮኛል እኮ። ፍጻሜዋን ደግሞ ያበዛዋል» ትለኛለች። ፊቷ ይበራል። እኔም ጥያቄዬን ውጬ ሻይ እቀዳላታለሁ።

በዘጠነኛው ቀን የጸሎት ኅብረታችን ሊጠይቃት መጣ። እሷም ልጅቷን ለነርሷ ሰጥታ ወጣችና ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መሪያችን ወንድም ኦሊያድ ካርዱን ከእጇ ተቀብሎ ከፍ አደረገና «እግዚአብሔር ለታቢታ የተናገረው ቃል!» ሲል ሁሉም አሜን አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መምህራችን፣ እስቲ አብራራልን» አለኝ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

«እግዚአብሔር አይደለም የተናገረው» አልኩ መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ። «መጽሐፉ እንደ ድራማ ነው፤ ገጸ ባሕርያት አሉት። ይህን ያለው በልዳዶስ ነው፣ ከኢዮብ ወዳጆች አንዱ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ራሱ ቅን አልተናገራችሁም ብሎ ተቆጥቷቸዋል።»

ያማረ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ማንም አሜን አላለም።

ታቢታ መጽሐፍ ቅዱሱን ከእጄ ወስዳ ምዕራፉን ከላይ ጀምራ አነበበች። አንድ ቁጥር ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ካርዱን ኦሊያድ እጅ ላይ ትታ ወደ ልጇ ገባች።

ልጅቷ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ሐኪሙ ሳንባዋ አልጠነከረም ነበር አለ። እሺ፣ ሳንባዋ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ያቺን ሁለት ቀን እህቴ ያለ ተስፋ ነው ያቀፈቻት። የቀማኋት እኔ ነኝ።

መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ቤቷ፣ ለቅሶ ተቀመጥን። ጎረቤቷ እማማ ዙቤይዳ ገብተው «ማል ጎና ልጄ፣ ምን እናደርጋለን» አሉና አጠገቧ ተቀመጡ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በሦስተኛው ቀን ታቢታ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ እዚያው ምዕራፍ ላይ በልዳዶስ ኢዮብን ልጆችህ የሞቱት በድለው ነው ይለዋል። የእኔ ልጅ በአሥራ አንድ ቀኗ ምን በደለች?»

«ውሸቱን ነው! ሰውዬው ተሳስቷል፣ ነግሬሽ የለ!»

«ከተሳሳተ ተስፋዬም ውሸት ነበር። እውነቱን ከሆነ ደግሞ ልጄ በድላለች። የትኛውን ልያዝ?»

 ልማድ ነውና ስለ ገጸ ባሕርያት አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ። እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«በልዳዶስ እንኳ መጀመሪያ ሰባት ቀን ከኢዮብ ጋር መሬት ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አንተ አሁንም ዝም ማለት አቃተህ። እማማ ዙቤይዳ ይበቁኛል። ሂድልኝ፣ ጋሼ።»

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ይኸው ወር ሊሞላው ነው፤ ስደውል አታነሳም።