የእትዬ ተሻለች ዶማ

ሂንድ የማሽላውን አገዳ በሁለት እጇ እየገለጠች ትሮጣለች። ሩጫ ከተባለ ነው እንጂ ዘጠኝ ወር የገባ ሆድ ይዞ የሚሮጥ የለም። አማቷ ዙሌይካ ለወሊድ ያዘጋጀችውን ጥቅል በብብቷ ሸጉጣ ከኋላዋ ትከተላለች። ከአምባሰል ተራራ በኩል ከባድ መሣሪያው ከጠዋት ጀምሮ ያጓራል።

"ጎንበስ በይ!" አለች ዙሌይካ።

"እንዴት ልጎንበስ? ሆዴን የት ላድርገው?"

"ሆድሽን ይዘሽ ጎንበስ በያ! እኔ እንደሆን ሰባት ወልጃለሁ፣ ጎንበስ ማለት ያቃተኝ አንድም ቀን የለም!"

በዚሁ መሀል አንዱ የከባድ መሣሪያ ጥይት ከማሳው ጫፍ ወደቀ። ምድሪቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠች፤ የተበተነው አፈር ፊታቸውን መታው። ሂንድ በጉልበቷ ተንበረከከች። ወዲያው የሞቀ ነገር በጭኖቿ መሀል ሲወርድ ተሰማትና "ተመታሁ!" ብላ ጮኸች።

ዙሌይካ ቀሚሷን ገልጣ አየች። "እንሽርትሽ ነው የፈሰሰ። አብሽሪ፣ አልተመታሽም። ተነሽ፣ ተሻለች ቤት ደርሰናል።"

ሂንድ ስለ ወሊድ የምታውቀው ይሄንኑ ያህል ነበር፤ ደምና እንሽርት አትለይም። ጥፋቱ ግማሹ የራሷ ነው። ከጅዳ ተመልሳ እንድሪስን ባገባች በአምስተኛው ወር የጤና ኬላዋ ልጅ እቤቷ ድረስ መጥታ፣ "በወሩ መጨረሻ የነፍሰ ጡሮች ስብሰባ አለ፤ ስለ ምጥ እናስተምራለን፣ ነይ" ብላት ነበር። የመጀመሪያውን ወር ሆዷን ይዛ በሰው ፊት መቀመጥ አፈረች። ሁለተኛውን ወር የዘመድ ሰርግ ሄደች። ሦስተኛው ወር ሲደርስ ታጣቂዎች ሐይቅ ከተማን ያዙ፤ አስተማሪዋ በሌሊት ሸሸች፤ ከጤና ኬላው አልጋው ቀርቶ በሩ እንኳ ተነቅሎ ተወሰደ። ሂንድ የቀራት ስልኳ ነበር። አንዲት ሴት በዐረብኛ ስለ አተነፋፈስ ስታስረዳ ሁለት ቀን አየች፤ በሦስተኛው ቀን ኔትወርኩ ጠፋ። ያየችውን ለአማቷ ልትነግራት ብትሞክር ዙሌይካ ከት ብላ ስቃ፣ "ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" አለቻት።

የዙሌይካ ትምህርት ሌላ ነበር። እርጉዝ ሴት አንድ እግሯ መቃብር ነው፤ ስለዚህ መንደሩን ዞራ ያስቀየመችውን ሁሉ ይቅርታ ጠይቃ አፉ ማስባል አለባት። ቂም የተያዘባት ሴት ልጇ አይወርድላትም። ሂንድም ከቤት ቤት እየዞረች "አፉ በሉኝ" አለች፤ ሁሉም "አፉ ብለናል፣ አላህ በሰላም ይገላግልሽ" አሏት። እትዬ ተሻለች ዘንድ ስትደርስ አሮጊቷን ጭራሽ ገረማት። "አንቺ ደግሞ ምን በድለሽኝ ያውቃል? አፉ ብያለሁ፣ ማርያም ትቅረብሽ።"

ሂንድ ያን ምርቃት ተሸክማ ወጣች። ሆዷ ከሚከብዳት የበለጠ ከበዳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ዙሌይካ በሌለችበት፣ ታጣቂዎች እነሂንድ ቤት ገብተው እንድሪስን፣ "ጠመንጃ ያለው ማነው?" እያሉ በሰደፍ ደበደቡት። ሁለት ጥርሱ ወለቀ፤ አልተናገረም። ቅንድቡ ተተረተረ፤ አልተናገረም። ያን ጊዜ አንዱ ዞር አለና አፈሙዙን ከሂንድ እምብርት ላይ ደገነው። እንድሪስ አሁንም ቃል አልተናገረም። በአገጩ ብቻ ወደ ተሻለች ቤት አመለከተ።

የተሻለች አንድያ ልጅ ሙላት ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ጠመንጃ ነበረው። ከጎተራው ሥር አወጡትና ሙላትን ደጁ ላይ፣ እናቱ እያየች፣ በሁለት ጥይት ገደሉት። መቅበር የተፈቀደው በሦስተኛው ቀን ነው። ለመቆፈር የደፈረ ወንድ ሲጠፋ እንድሪስ የተሻለችን ዶማ ይዞ ወጣ፤ ብቻውን ቆፈረ። ተሻለች ለእጁ ውሃ አፍስሳ፣ "ለልጄ የቆፈርክ እጅህ አይድረቅ" ብላ መረቀችው። ታጣቂዎቹ ወንዱን ሁሉ ለሸክም ማፈስ ሲጀምሩም ከሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ እንዲደበቅ የመከረችው እሷው ናት። ጠዋት ጠዋት ግን ደጇ ላይ ቆማ፣ "ጠቋሚውን ሳታሳየኝ አትግደለኝ" እያለች ትጸልያለች። ያን ጸሎት ሂንድ ሰምታለች፤ ዙሌይካ ሰምታለች። ምስጢሩን የሚያውቁት ግን ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

አሁን ደግሞ ምጡን ይዛ የገባችው እዚያው ቤት ነው። ሌላ የት ትሂድ? ተሻለች ጤና ኬላው ውስጥ ሃያ ዓመት ጽዳት ሠርታለች፤ ከዚያ በፊትም የመንደሩን ግማሽ ያዋለደች እሷ ናት። መንግሥት "በቤት ማዋለድ ክልክል ነው፣ ወደኛ ላኪ" ሲላት እሺ ብላ ትታው ነበር። ዛሬ የምትልክበት የለም።

"ምላጩ አዲስ ነው?" አለች ተሻለች ጥቅሉን እየፈታች።

"ወረቀቱ አልተቀደደም" አለች ዙሌይካ።

"ክሩስ?"

"ቀቅዬዋለሁ።"

"ደግ።" ወደ ሂንድ ዞረች። "አንቺስ፣ ተምረሻል?"

"አልተማርኩም፣ እትዬ።"

"እኔም አልተማርኩም። ግፊ ስልሽ ትገፊያለሽ፤ ካላልኩሽ እንደ ውሻ ታለከልኪያለሽ።"

"እንደ ውሻ?"

"አለክልኪ አቦ!"

ሂንድ አለከለከች። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት አለከለከች፣ ገፋች፣ ጮኸች፣ ነከሰች። የዙሌይካ ክንድ በጥርስ ምልክት ተዥጎረጎረ። ባንድ ወገን "ያ ፋጡማ!"፣ በሌላ ወገን "ማርያም ማርያም!" ይባላል፤ ልጁ ግን ወይ ፍንክች። የተሻለች ፊት እየጠቆረ ሲሄድ ሂንድ አየችው።

"አፉ ያላስባልሽው ሰው አለ" አለች ዙሌይካ እንባዋ እየወረደ። "ወላሂ አለ። ንገሪን ልጄ፣ ትሞችብኛለሽ!"

"ጅዳ… እመቤቴን ሰድቤያታለሁ…"

"እሱ አይደለም!"

"የሆድሽን አውጪው" አለች ተሻለች፣ እጇን ከሆዷ ላይ ሳታነሳ። "የምንሰማሽ እኛ ብቻ ነን።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ብቅል ለማያውቅ ሰው ደግሞ ምጥ አለለት። ሂንድ ከተናገረች ይህች ሴት ጥላት እንደምትወጣ፣ እሷም ልጇም እዚሁ እንደሚቀሩ ታውቃለች። ዝም ብትል ደግሞ የዚህችው ሴት እጅ እንደ እሳት እየፈጃት ነው።

"አንቱን ነው" አለች።

"እኔንማ አፉ ብዬሻለሁ።"

"ምኑን እንደሆነ ሳያውቁ ነው ያሉኝ። ሙላትን… የጠቆመው እንድሪስ ነው። አፈሙዙን ሆዴ ላይ ሲደግኑበት ጠቆመ። ለኔ ብሎ ነው። ለዚህ ልጅ ብሎ ነው።"

ዙሌይካ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ተሻለች ከሂንድ ሆድ ላይ ያረፈውን የገዛ እጇን ትክ ብላ ታየው ጀመር።

"እዚህ ላይ ነው የደገኑት?"

"አዎ።"

እጇን አነሳች። ተነስታም በሩን ከፍታ ወጣች።

"ተሻለች! በነቢ! በማርያም!" እያለች ዙሌይካ ልትከተላት ስትል ከውጭ የወንድ ድምፅ መጣ። ባለችበት ደርቃ ቀረች።

"ውስጥ የሚጮኸው ምንድነው?"

"ምጥ ነው" አለች ተሻለች።

"ባሏ የት አለ? ቁስለኛ የሚሸከም ሰው እንፈልጋለን።"

ተሻለች አልመለሰችም። ሂንድ ምጡ ሲመጣባት የነጠላዋን ጫፍ ጎርሳ ነከሰች፤ መስማት ነበረባት። እንዲህ ያለውን ዝምታ ታውቀዋለች። እንድሪስም ልክ ይህን ያህል ነበር ዝም ያለው። አሁን ተሻለች አገጯን ወደ ደንገሉ ብታዞር ይበቃል።

"አንቺን እኮ ነው የምጠይቅ!" የሰደፍ ድምፅ ተሰማ፤ አጥንት እንደመታ ያስታውቃል።

"ባል የላትም!" አለች ተሻለች። "እኔም ልጅ የለኝም፤ ገድላችሁታል! ከፈለግህ ግደለኝና ገብተህ አንተ አዋልዳት!"

ጥይት ጮኸ። አንድ ነገር ደጁ ላይ ዘፍ ብሎ ወደቀ። ዙሌይካ ሸሃዳ ትል ጀመር። ሂንድ አለቀሰች፤ ለራሷ ይሁን ለአሮጊቷ አልለየችውም።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። የተሻለች ከንፈር ለሁለት ተሰንጥቆ ደሙ እስከ አንገቷ ወርዷል።

"በጌን ገደሏት" አለች። "ጎትተው ወደ አስፋልቱ ወረዱ።"

ሳሙናውን አንስታ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ደም ተፋችና እንደገና ታጠበች። ከሂንድ እግር ሥር ተንበረከከች።

"አፉ አልልሽም" አለቻት። "ዛሬም አልልሽ፣ ነገም አልልሽ። ያን የሰጠሁሽንም አፉታ መልሼ ወስጃለሁ። የያዝኳትን ሴት ግን ጥዬ አልወጣም። በይ አሁን ግፊ!"

ሂንድ ገፋች። የልጁ ጭንቅላት ብቅ ሲል እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ተሻለች በአንድ ጣቷ አሹልካ አወለቀችው። ሴት ልጅ ናት። ጠቁራ፣ ዝም ብላ መጣች። ተሻለች በእግሯ ዘቅዝቃ መታቻት፤ ደግማ መታቻት። በሦስተኛው ሕፃኗ ጮኸች። ዙሌይካ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ተሻለች በደም በጨቀየ መዳፏ ዘጋችው።

"ይሰሙናል! በሆድሽ እልል በይ።"

እትብቱ ተቆረጠ፤ እንግዴ ልጁም በደህና ወረደ። ዙሌይካ በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለለችው። "እቤት እንወስደዋለን" አለች በሹክሹክታ፣ ከዚያ ቤት ቶሎ መውጣት እንደምትፈልግ በሚያሳብቅ ድምፅ። "አባቷ ማታ ደጃችን ላይ ይቆፍርለታል።"

ሂንድ ከበሩ ኋላ የቆመውን ዶማ አየች። የሙላት መቃብር አፈር አሁንም ስለቱ ላይ ደርቆ አለ። ተሻለች አላጠበችውም።

"እዚሁ ይቀበር" አለች ሂንድ።

"ምን አልሽ?"

"የልጄ እንግዴ ልጅ እዚህ ደጅ ላይ ይቀበር። እንድሪስን ይጥሩትና መጥቶ ይቆፍር። ያደረገውን በራሱ አፍ ይንገራቸው።"

"አብደሻል? ትገድለዋለች እኮ!"

ተሻለች ጀርባዋን ሰጥታቸው ከንፈሯ ላይ ጨርቅ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ተነሳችና ዶማውን አነሳች። ዙሌይካ ሕፃኗን በገላዋ ከለለች። ተሻለች አልፋት ወጣች፤ ዶማውን ሙላት ከወደቀበት ደጅ፣ ከግድግዳው አስደግፋ ተመለሰች።

"ሂጂ ጥሪው" አለቻት ዙሌይካን። "በፊት ለፊት ይምጣ፤ በጓሮ እንዳይገባብኝ።"

ዙሌይካ አንዴ ሂንድን፣ አንዴ ተሻለችን አየች። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ ሐይቁ ወረደች።

"እትዬ፣ ቀና ያድርጉኝ" አለች ሂንድ። እንድሪስ ዶማውን ሲያነሳ ተኝታ ልትጠብቀው አልፈለገችም።