እኛ ቤት ቀርቷል

ጣሊያን ከመቀሌ በወጣ በዓመቱ ጣይባ ሁለተኛ ልጇን ወለደች። ስሙን ሀሰን አሉት። ባሏ ይማም ከወሎ መጥቶ ገበያው ውስጥ ጨው የሚነግድ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። እናቱ እመት ዘኪያም አብረዋቸው ይኖራሉ።

የመጀመሪያ ልጃቸው ሳሊሃ ነበረች። በጨቅላነቷ እንጥሏ ሲቆረጥ እመት ዘኪያ ጭንቅላቷን፣ ጣይባ እግሯን ይዘው ነበር። ደሙ አልቆም አለ፤ በማግስቱ ቀበሯት። ጣይባ አላለቀሰችም። ሴቶቹ "አቤት ጥንካሬ!" አሉ። ጥንካሬ አልነበረም፤ ውስጧ እንደተኙበት ክንድ ደንዝዞ ነው። "የአላህ ሥራ ነው" ሲሏት አዎ አለች፤ ተነስታ ውሃ ቀዳች።

ሀሰን በተወለደ በወሩ እመት ዘኪያ እንጥል ቆራጩን አቦይ ወልደጊዮርጊስን ይዘው ገቡ። ሽማግሌው መደቡ ላይ ተቀምጠው መቁረጫቸውን ከጨርቅ ውስጥ ፈቱ።

"አምጪው" አሉ እመት ዘኪያ።

"አይቆረጥም" አለች ጣይባ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

"ምን አልሽ? እንጥሉ ወርዶ ይነቀው? ይማምን አስቆርጬ ነው ያሳደግሁት። እኔም ተቆርጬ ነው ያደግሁት።"

"ሳሊሃም ተቆርጣ ነበር።"

እመት ዘኪያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ይማም በሩ ላይ ተቀምጦ ከረጢት ይሰፋል። ቀና አላለም።

"እናቱ ናት" አለ ብቻ።

አቦይ ወልደጊዮርጊስ መቁረጫቸውን መልሰው ጠቀለሉ። "ጓለይ፣ ልጄ፣ እኔስ ሲጠሩኝ ነው የምመጣው" ብለዋት ወጡ።

ክረምት ሲገባ ሀሰን ጉሮሮው አብጦ አተኮሰው፤ ጡት አልይዝ አለ። እመት ዘኪያ "አላልኩሽም?" አላሉም። ልጁን ከጣይባ ጋር እየተቀባበሉ አቀፉት። ቢሞት ምን ይሰማኝ ይሆን ብላ ጣይባ ራሷን ጠየቀች።

አንድ ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቀውና ጡቷን ፈልጎ ያዘ። እመት ዘኪያ "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ተንሰቀሰቁ። ጣይባ ደስ ሊላት እንደሚገባ ታውቃለች። ጠበቀችው፤ ደስታው አልመጣም።

ያን ሰሞን ጎረቤታቸው ረሒማ ወለደች። እናቷ ደጃፉ ላይ ቆመው ቆራጩ የት እንደሚገኝ እመት ዘኪያን ጠየቁ።

"እኔ እንጃ" አሉ እመት ዘኪያ። "እኛ ቤት ቀርቷል።"

ጣይባ ከውስጥ ሰማቻቸው። ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው።