የመጀመሪያው ጥያቄ የአባ ግልጽ ነው

በእኛ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ሳምንታዊ ሴሚናር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የአባ ግልጽ ነው። የትም አልተጻፈም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ተናጋሪው ሲጨርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፣ ሌላው ሰው አፉን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይጠይቁ ከተነሱ ሴሚናሩ አለቀ ማለት ነው። ሁሉም ተከትሏቸው ይወጣል፣ ተናጋሪው ሰሌዳውን ብቻውን ያጠፋል። ስንቱ ሰው የዓመት ልፋቱን ይዞ መጥቶ እንዲህ ሲቀበር አይቻለሁ።

ለፕሮፌሰሩ አባ ግልጽ የሚለውን ስም ያወጣንላቸው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገሩት “ግልጽ ነው” እያሉ ነው። እሳቸው እንዲህ ባሉ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። ያልገባው ከገባው ይበልጥ ይነቀንቃል።

ጣጣው የመጣብኝ የዶክትሬት ጽሑፌን የመጨረሻ ምዕራፍ ሳስተካክል ነው። ጽሑፌ የቆመው እሳቸው በወጣትነታቸው ባሳተሙት አንድ ውጤት ላይ ነው። ስማቸውን ያስጠራው እሱ ነው፤ ከእኔ በፊት የተመረቁትም እሱኑ ተደግፈው ነው የተመረቁት። ማረጋገጫው መሃል ላይ “ግልጽ ነው” ተብሎ የታለፈ አንድ መስመር አለ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ የተዘለለውን ልሞላ ተቀመጥኩ። አልሞላ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስታገለው ከርሜ በመጨረሻ ገባኝ፤ መስመሩ ውሸት ነው።

ግድግዳ አጠገብ የተተከለ ድንኳን አስቡ። ወደ ግድግዳው እያስጠጋችሁ መሠረቱን አጥብቡት፣ ቁመቱን ደግሞ በዚያው ልክ ከፍ አድርጉት። መሬቱ ላይ የትም ብትቆሙ ድንኳኑ ውሎ አድሮ አልፏችሁ ይሄዳል፤ ከራሳችሁ በላይ ምንም አይቀርም። ስለዚህ መሠረቱና ቁመቱ ተባዝተው የሚሰጡት የድንኳኑ የፊት ስፋትም ተመናምኖ ይጠፋል ትላላችሁ። አይጠፋም! ስፋቱ ያው የመጀመሪያው ነው፣ ንቅንቅ አላለም። መስመሩ ግን ይጠፋል ነው የሚለው። የታወቀ ወጥመድ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ግን በከባድ የሒሳብ ምልክቶች አልብሰውት ራሳቸውም ሳያዩት ገቡበት። እኛም ተከትለን ገባን።

ቢሯቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ገረፍ አድርገው አዩና መለሱልኝ።

“ምዕራፍሽን ጨርሺ። ከተመረቅሽ በኋላ ረጋ ብለን እናየዋለን።”

“ፕሮፌሰር፣ ምዕራፍ እኮ የለኝም። ይሄ ከወደቀ የእኔም አብሮ ወድቋል።”

“የወደቀ ነገር የለም። ሴሚናር ላይ ካነሳሽው ግን ሌላ አማካሪ ፈልጊ።”

በዚህ ዘርፍ ሌላ አማካሪ እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ደሜ ፈላ። በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ፤ በኃይል ባላጋው ደስ ባለኝ ነበር።

ቤት ስገባ እህቴ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የምርቃት ቀሚሴን ዘምዝማ ጨርሳለች፣ ለጎረቤቱም “ዶክተሯ” እያለች አውርታ ጨርሳለች።

“እቴቴ፣ ላልመረቅ እችላለሁ” አልኳትና ድንኳኑን ላስረዳት ጀመርኩ።

“ድንኳን ምናምን አትበይኝ። ሰውዬው ዝም በይ ነው ያሉሽ፣ አይደል?”

“አዎ።”

“ዝም በያ! መጀመሪያ ወረቀቱን ያዢ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ለፍልፊ።”

“ወረቀቱ ላይ ያለው ውሸት ቢሆንስ?”

“ማን ያያል?”

“እኔ።”

መቀሱን አስቀምጣ አየችኝ። “ይሄ ግትርነት የአባትሽ ነው” አለች፣ የእሷ አባት እንዳልሆነ ሁሉ። ከዚያ ራት አቀረበችልኝ።

የሴሚናሩ ቀን ክፍሉ ሞልቷል። የስታቲስቲክሱ መምህር እንደ ልማዱ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ገና ሳልጀምር አንገቱን ደፍቷል። ሁልጊዜ የሚነቃው ጭብጨባ ሲሰማ ነው። አባ ግልጽ በሩ አጠገብ ናቸው።

አስቤበት ነበር የመጣሁት። በድንኳኑ ብጀምር ፕሮፌሰሩ ብድግ ይላሉ፣ ነገሩም እዚያው ይሞታል። እንዲቀመጡ ማድረግ ነበረብኝ፤ የገዛ ሥራውን የሚያፈርስ ሰው ደግሞ ጥለውት አይወጡም። ስለዚህ የጽሑፌ ምሰሶ የሆነውን የራሴን ዋና ቲዎረም በትልልቅ ፊደል ጻፍኩና ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩበት።

“ይሄ ስህተት ነው” አልኩ። “ለምን ስህተት እንደሆነ ላሳያችሁ።”

ክፍሉ ተንሾካሾከ። የስታቲስቲክሱ መምህር እንኳ ቀና አለ። ድንኳኑን ሳልኩት፣ አጠበብኩት፣ ከፍ አደረግኩት፣ ስፋቱን አስልቼ አሳየሁ። ከዚያ የፕሮፌሰሩን መስመር እንዳለ ገልብጬ ከጎኑ ጻፍኩት። ስማቸውን አልጠራሁም፤ መስመሩን የማያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ጨረስኩ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አልሰቀሉም፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ተነሱ። የኋላው ረድፍ ቦርሳውን መሰብሰብ ጀመረ።

“ፕሮፌሰር!” አልኩ። “ጥያቄ የለዎትም?”

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። ፊታቸው በርበሬ መስሎ ዞሩ።

“አለኝ እንጂ! ታዲያ አንቺ በምንሽ ልትመረቂ ነው?”

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ግን አላፈርኩም፤ እንዲያውም ቀለል አለኝ።

“አልመረቅም” አልኩ። “አራት ዓመት የለፋሁበት ነው፣ አንጀቴ ያርራል፤ አልቅሼበታለሁም። ግን በውሸት ከምመረቅ ይቅርብኝ። የእኔም ወድቋል፣ የእርስዎም ወድቋል።”

ወደ በሩ ዞረው እጀታውን ያዙ። ያኔ ነው የስታቲስቲክሱ መምህር እጁን ያወጣው። የመጀመሪያው ጥያቄ ተጠይቋላ! እሳቸው ራሳቸው ጠይቀዋል፤ ከዚህ በኋላ መናገር የማንም መብት ነው።

“እኔ” አለ፣ “ይሄ መስመር አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ለተማሪዎች ግን ሳስተምረው ኖሬያለሁ። ያልገባው ሰው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።”

“እኔም” አለች ከመሃል አንዲት መምህርት።

“እኔም” አለ ከኋላ ሌላው።

“ሴሚናሩ አልቋል!” አሉ ፕሮፌሰሩ በሩን እንደያዙ።

የመምህርቷ እጅ አልወረደም። “ውጤቱን በሌላ መንገድ ማዳን ይቻላል?” ብላ ጠየቀችኝ።

“አላውቅም” አልኩ። እዚያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ይህን ቃል የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። “ኑ፣ አብረን እንሞክረው።”

በሩ ከፕሮፌሰሩ ኋላ ጓ ብሎ ተዘጋ። ተከትሏቸው የወጣ አንድም ሰው አልነበረም።