ጠርዙ የተሰበረው ቅል

ባዩሽን ፊት ለፊት አሮጊት ብሎ የጠራት ሰው ጂንካ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም ሁለተኛ አይደግማትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከከተማው በታች ያለውን የበቆሎ ማሳዋን ማንንም ሳትለምን ይዛ ኖራለች። ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል። ዶማ አንሥታ ወገቧን የምትይዘው ግን ሰው በሌለበት ነው። የሚኮተኩትላት ዶላሞ ነበር፤ መሬት ጠቦት ከጋሞ ደጋ የወረደ፣ ሚስቱንና ልጆቹን እዚያው ትቶ የመጣ፣ ነገር የማያበዛ ሰው።

መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ሰው ቀጥሮ ማሳረስ ተከለከለ። የተፈቀደው ላረጀና ለታመመ፣ አቅም ለሌለው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ባለቤቱ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ቆሞ፣ ድካሙንም የሚከፍለውንም በገዛ አፉ መናገር አለበት።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ወርቅነህ ይህን ሊነግራት ደጇ መጣ።

«እማማ ባዩሽ፣ ቅዳሜ ተነሥተሽ ‹አቅመ ደካማ ነኝ› በይ። ከዚያ በኋላ ዶላሞን የሚነካው የለም።»

«ባልልስ?»

«ማኅበሩ ወደ አገሩ ይሸኘዋል። በቆሎው ሳይደርስ፣ ባዶ እጁን።»

«ስማ ወርቅነህ፤ እትብትህን የቆረጠው ይህ እጅ ነው። ዛሬ ሱሪ ታጠቅህና እጅሽ ደከመ ልትለኝ መጣህ?»

«እኔ መች አልኩ? አዋጁ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው አዋጁን ላከው፤ እኔና እሱ እንነጋገራለን።»

ወርቅነህ ስቆ ሄደ። እሷ አልሳቀችም። ዶላሞን ጠራችው።

«የጠየቀህ ሁሉ የእህቴ ልጅ ነኝ በል።»

«የእህትዎን ስም አላውቅም እኮ፣ እማማ።»

«አለምነሽ። ሞታለች፤ ተነሥታ አትከራከርህም።»

ቅዳሜ መንደሩ በማኅበሩ እርሻ ላይ በደቦ ወጣ። ጠዋት ሥራው ሳይጀመር ስብሰባው እዚያው ሲከፈት ባዩሽ ነጠላዋን አስተካክላ መሀል ቆመች። «ይህ የእህቴ የአለምነሽ ልጅ ነው። እኔ ቅጥር ሠራተኛ የለኝም፤ ዘመድ ነው ያለኝ» አለች። ማን ደፍሮ ይከራከራት! ወርቅነህም፣ «ዘመድ ዘመዱን ቢረዳ አዋጁ ምን አገባው» ብሎ ዘጋው። ባዩሽ አንገቷን ቀና አድርጋ እስከ ቀትር ዋለች።

ቀትር ላይ ምሳ ሆነ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየገበቴው ዙሪያ ተቀመጠ። ባዩሽ ቅርጫቷን ከፈተች፤ ገበቴውን አወጣች፤ ቂጣውን ከጎመኑ ጋር አቀረበች። ከዚያ እጇ እንደ ዘወትሩ ወደ ቅርጫቱ ታች ገባና ጠርዙ የተሰበረ ቅል ይዞ ወጣ። ከምግቡ ቆንጠር አድርጋ ጨመረችበትና ለዶላሞ ሰጠችው። እሱም እንደ ዘወትሩ ተቀብሎ ወደ እርሻው አጥር ሥር ሄደ፤ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይበላ ጀመር።

ቅሉን ለእሱ የለየችው የመጣ ዕለት ነበር። የቅጥር ሰው እጅ ከገበቴዬ አይገባም ብላ ነው። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ከአንድ አግዳሚ ተቀምጠው አብረው ይዘምራሉ። ምሳ ሲሆን ግን እሱ ወደ አጥሩ፣ እሷ ወደ ገበቴዋ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ዳግም አስባው አታውቅም። ዛሬም አላሰበችውም፤ ጎረቤቷ ሻንቆ ጉርሻውን አቁሞ እስኪጮህ ድረስ።

«እናንተ! የእትዬ ባዩሽ የእህት ልጅ አጥር ሥር ነው እንዴ የሚበላው?»

ሳቁ ከገበቴ ወደ ገበቴ ተዛመተ።

«አለምነሽ ቀና ብላ ልጇ እንዴት እንደተከበረ ባየች!» አለ አንዱ።

«ዶላሞ!» ባዩሽ ተጣራች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ና፣ ከዚህ ብላ!»

ዶላሞ ዞሮ አያት፤ ገበቴውንም አየ፤ አልተነሣም።

«ለምጄዋለሁ እማማ። እዚሁ ይሻለኛል።»

ተንኮል አልነበረበትም። ተንኮል ቢኖርበት ለተንኮል መልስ አታጣም ነበር።

ወርቅነህ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ዘመድ ካልሆነ እኮ ነገ ልንሸኘው ነው» አላት።

መሬቱን በእጇ ተደግፋ ተነሣች። አነሣሷን ሁሉም አየ።

«የእህቴ ልጅ አይደለም። ቅጥሬ ነው» አለች። «አርጅቻለሁ። ዶማ ማንሣት አልችልም። እሱ ባይኖር በቆሎዬን አረም ይውጠዋል።»

«የምትከፍይውስ?»

«ሲሄድ አንድ የአህያ ጭነት በቆሎ። ምግቡም ከእኔ ነው።»

ምግቡ ስትል ዓይን ሁሉ አጥሩ ሥር ወዳለው ቅል ሄደ። አርጅቻለሁ ማለቱ ያን ያህል አልከበዳትም፤ ይህኛው ግን ፊቷን እንደ በርበሬ አቃጠለው። እጅ ወጣ፤ ዶላሞ እስከ መኸር እንዲቆይ ተፈቀደ።

ማታ ቅሉን ወደ ጓሮ ወረወረችና ዶላሞን ወደ ቤት አስገብታ ከገበቴዋ አስቀመጠችው። ጥቂት ጎርሶ፣ «ጠገብኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ሰኞ ቀትር ገበቴውን ተሸክማ ማሳው ድረስ ወረደች። ዶላሞ ዶማውን ተክሎ መሬት መሬቱን አየ።

«እማማ፣ አይቆጡኝ። ከእርስዎ ጋር ስቀርብ እጄ ያፍራል፤ አልጠግብም። ሥራው ደግሞ እህል ይፈልጋል። ቅሉን ይስጡኝ።»

አቀበቱን ተመልሳ ወጣች፤ ጓሮ አረሙን ስትዳብስ ቆይታ ቅሉን አገኘችው። አጠበችው። እስከ ተሰበረው ጠርዙ ሞላችውና ለእንግዳ እንደሚሰጥ በሁለት እጇ ይዛ ማሳው አጥር ሥር ወሰደችለት።

ከዚያ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ራቅ ብላ፣ እሷም እንደ እሱ ለሰው ጀርባዋን ሰጥታ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ተቀመጠች። ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው በቆሎዋን እያየ፣ «ዘንድሮስ በቆሎሽ አምሮልሻል!» ይላታል። ባዩሽ ዞር ብላ አላየችም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።