ውኃ አልፈሰሰም

የሚሊኒየሙ ባነር ገና ከፍኖተ ሰላም መንገድ ሳይወርድ፣ የቡሬው እህል ነጋዴ አቶ ገነነ አሮጌ የቤት መኪናውን ከምስክር ጋራዥ ደጃፍ አስቆመ። የሚነዳው ባንተአምላክ ነው፤ ገነነ መኪና ገዛ እንጂ መንዳት አለመደም። ጋቢና ውስጥ የገነነ እናት እማሆይ ወለተ ሐና ጉልበታቸው ከዳሽቦርዱ ጋር ተጣብቆ ተቀምጠዋል። በኤሌክትሪክ የሚንሸራተተው ወንበር ወደ ፊት እንደሄደ ቀርቷል፤ ስዊቹን ቢጫኑት ዝም ነው።

ምስክር ከሰው ይልቅ ከሽቦ ጋር መዋል የሚወድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እማሆይን ደግፎ አወረደና ጥላ ሥር አስቀመጣቸው። ፊውዙን አየ፤ ደኅና ነው። ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ዳበሰ፤ የተሰነቀረ ነገር የለም። የወንበሩን ሞተር ሽቦ ነቅሎ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ቢያገናኘው ወንበሩ እያቃሰተ ወደ ኋላ ሄደ። ሞተሩ ካልሞተ ሕመሙ ስዊቹ ላይ ነው።

ስዊቹን ፈልቅቆ ከፈተው። መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ መሐሉ ላይ ግራጫ ጭቃ ደርቋል። ጫር አድርጎ በጣቶቹ አሸው። ልስላሴውን ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ሲታመም እናቱ ግንባሩን የምትቀባው ነው። በጠበል የተበጠበጠ እምነት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው የተባረከ አፈር።

ቀና ሲል እማሆይ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ያዩታል። ለመነኩሲት «ጠበልዎ መኪና አበላሸ» እንዴት ተብሎ ይነገራል?

«ውኃ ገብቶበት ነው» አለ ለገነነ።

ገነነ ወዲያው ወደ ባንተአምላክ ዞረ። ትናንት ላህ ወንዝ ወስዶ መኪናውን ያጠበው እሱ ነው። ባንተአምላክ ውጭውን እንጂ ውስጡን እንዳልነካ ማለ፤ ገነነ ግን ቀድሞ የተፋቀውን በር ሳይቀር አነሣበት። በመጨረሻ እናቱን ጠየቀ።

«እማሆይ፣ እዚህ ወንበር ላይ ውኃ ፈሶ ያውቃል?»

«ኧረ እኔ እያለሁ ውኃ አልፈሰሰም፣ ልጄ» አሉ አማትበው።

አልዋሹም። ለእርሳቸው ጠበል ውኃ አይደለም፤ ውኃ የሚጠጣው፣ ልብስ የሚታጠብበት ነው። ይህ የገባው ምስክር ብቻ ነበር። ሊናገር አለና መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈጉን ቀጠለ። ባንተአምላክ ከሥራ መባረሩን ሰማ፤ ቁልፉን ኮፋኖው ላይ አስቀምጦ በእግሩ ወጣ።

ወንበሩ ተሠራ። እማሆይ ተደላድለው «እጅህ ይባረክ» ሲሉት ምስክር አሜን ማለት አቃተው። ገነነ ቡሬ ድረስ እንዲነዳላቸው ለመነው።

ከተማውን ሲወጡ ምስክር መንገዱን ትቶ በሐሳቡ የማያውቀውን የባንተአምላክን ቤት ማየት ጀመረ፤ የመኪናውን ጥሩምባ ሰምተው ወደ በር የሚሮጡ ልጆች፣ ጥሩምባው የማይሰማበት ማታ። ሚስትየዋ ምን ሆነህ ነው ስትል፣ ባንተአምላክ ውኃ ነው ብሎ ሲመልስ።

ከዳገቱ ግርጌ ባንተአምላክ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ የሚጭነው መኪና ይጠብቃል። ምስክር አጠገቡ አቆመ።

«እማሆይ፣ ጠበልስ? ጠበል አልፈሰሰም?»

«ጠበልማ ፈሷል። ከግሽ ዓባይ ስንመለስ ጉልበቴን ልቀባ እምነቱን በጥብጬ ሳለሁ መኪናው ቢዘል ተደፋብኝ። በነጠላዬ ጠርጌው ነበር እኮ…» ቆም አሉ። «ያ ነው እንዴ?»

«ያ ነው። ስከፍተው አይቼዋለሁ።»

«አይተህ ነው ዝም ያልህ?» አለ ገነነ ከኋላ።

እማሆይ በሩን ከፍተው ወረዱ። በእኔ አፍ ሰው እንጀራውን ካጣበት ወንበር አልቀመጥም ብለው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ከልጃቸው አጠገብ፣ ከጠባቡ የኋላ ወንበር ገቡ። ገነነ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ና ንዳ» አለ።

ባንተአምላክ ነገሩን ከእማሆይ ሰማ፤ ቁልፉን ከምስክር እጅ ተቀበለ።

«እኔማ ያባረረኝ እምነት ማጣት ነው ብዬ ነበር» አለ ገነነን ሳያይ። «ለካ እምነቱም አለበት።»

ገነነ ቅኔው ገብቶት ወደ ማሳው ዞረ።

«አንተስ፣ ስምህ ማን ነበር?» አለው ባንተአምላክ ምስክርን።

«ምስክር።»

«ስም ያወጣልህ ሰው ቸኩሏል።»

ምስክር ዘግይቶም ቢሆን መናገሩን ሊጠቅስ ፈለገ። ከዚያ አሰበው፤ ባንተአምላክ ቀድሞ የጭነት መኪና አግኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ እሱ ራሱ ቡሬ ድረስ ዝም ብሎ ይነዳ ነበር። መኪናው የእማሆይ ወንበር ባዶ እንደሆነ ዳገቱን ወጣ። ምስክርም ወደ ፍኖተ ሰላም በእግሩ ተመለሰ።