የጀልባ ሠሪው ድምፅ

ሳሚያ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚገኝ የአንድ ትንሽ የድምፅ ስቱዲዮ ሥራ አስኪያጅ ነበረች። ድርጅቱ አኒሜ የሚባሉትን የጃፓን ካርቱኖች መብት እየገዛ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰ ለአንድ የሳተላይት ጣቢያ ያቀርባል። በ2008 ዓ.ም. ከሁሉ የተወደደላቸው በባሕር ዳርቻ መንደር ስለሚኖር አንድ ሽማግሌ ጀልባ ሠሪና ስላሳደጋት ወላጅ አልባ ልጅ የሚተርከው ካርቱን ነበር።

የሽማግሌው ድምፅ ጋሽ አምሳሉ ናቸው። በወጣትነታቸው በሬዲዮ ድራማ የታወቁ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ማንም ያላስታወሳቸው ሰው ነበሩ። ሳሚያ ልጅ ሆና አባቷ ሱቅ ውስጥ በሬዲዮ ትሰማቸው ስለነበር ራሷ አፈላልጋ አመጣቻቸው። ካርቱኑ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈራቸው ውስጥ ሲያልፉ ልጆች «ጀልባ ሠሪው! ጀልባ ሠሪው!» እያሉ ይከተሏቸዋል። እሳቸውም ዞር ብለው በዚያ በካርቱኑ ጎርናና ድምፅ «የእንጨት መጋዜን የደበቀው ማነው?» ሲሉ ልጆቹ እየጮሁ ይበተናሉ።

አንድ ቀን የድርጅቱ ባለቤት አቶ ፍሰሐ አዲስ ውል ይዞ መጣ። ሳሚያ ናሙናውን በኮምፒውተር ከፍታ አየችና ግራ ገባት። ጀልባ ሠሪው አለ፤ ልጅቷም አለች፤ ግን ሥዕል አይደሉም።

«ይሄ እኮ ሰዎች የሚጫወቱት ድራማ ነው» አለችው። «እኛ የምንታወቀው በአኒሜ ነው። ልጆቹ ምን ይሉናል?»

«ታሪኩ ያው ነው። ካርቱኑም ድራማውም ከአንድ የሥዕል መጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው፤ የሚሸጣቸውም አንድ ኩባንያ ነው። የካርቱኑ ቀጣይ ክፍል ገና እየተሣለ ነው። እስኪያልቅ ዝም ካልን ሰው ይረሳናል። ቀጣዩን የምትፈልጉ ከሆነ ይሄንንም አብራችሁ ውሰዱ ብለውናል።»

«ጣቢያውስ ይቀበላል?»

«ጣቢያው እንዲያውም የምሽቱን ሰዓት ሊሰጠን ነው! ካርቱን ሲሆን እናት ልጆቿን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሰው የሚታይበት ሲሆን ግን እሷም ቁጭ ትላለች፤ አባትም ይቀመጣል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ድምፁ እንዳይለወጥ። ሰው ጀልባ ሠሪውን በድምፁ ነው የሚያውቀው።»

ሳሚያ ድምፁ እንደማይለወጥ ቃል ገባች።

ችግሩ የመጣው ቀረጻው ሲጀመር ነው። ካርቱን ላይ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ጋሽ አምሳሉ ዓረፍተ ነገሩን አስረዝመውም አሳጥረውም ቢሉት ያስኬዳል። እውነተኛ ተዋናይ ግን ያኝካል፣ ይተነፍሳል፣ ቃል ሊጀምር ብሎ ይተዋል። ከንፈሩ ሲገጥም የአማርኛው ቃልም መግጠም አለበት። ጋሽ አምሳሉ መነጽራቸውን አንዴ ወደ ጽሑፉ አንዴ ወደ ስክሪኑ እያዞሩ ሞከሩ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ያምራል፤ ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው አፉን ዘግቶ እሳቸው ገና እየተናገሩ ነው።

«አንዴ ድገሚልኝ ልጄ፤ አሁን ይገባኛል» ይላሉ። ሳሚያ ትደግምላቸዋለች። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው በላብ እስኪጣበቅ ድረስ ቆዩ፤ ሊሆን አልቻለም። ጣቢያው የመጀመሪያውን ክፍል ቶሎ አስረክቡ እያለ ይደውላል።

ስቱዲዮው ውስጥ በድሉ የሚባል ተዋናይ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ የጋሽ አምሳሉን ድምፅ እያስመሰለ፣ እሳቸውን ራሳቸውን ጭምር ያስቃል። ሳሚያ ለብቻው ጠርታ ጀልባ ሠሪውን እንዲሞክረው አደረገችው። ቃሉ ስክሪኑ ላይ ካለው ከንፈር ጋር ገጠመ። ድምፁም ቁርጥ የሳቸው ሆነ።

በማግስቱ ጋሽ አምሳሉ ሲመጡ ልትነግራቸው አስባ ነበር። ገና ከመግባታቸው «ዛሬስ አሳይሻለሁ» ብለው ፈገግ ሲሉባት ያሰበችውን ተወችው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ አልቋል» አለች። «የቀረጽነው በቂ ነው። የቀረውን በኮምፒውተር እናስተካክለዋለን።»

«እውነትሽን ነው?» ፊታቸው በራ። «እኔ እኮ ያስቸገርኳችሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት!»

ግንባሯን ስመው ወጡ። በድሉ ከኮምፒውተሮቹ ኋላ ሆኖ ያያት ነበር፤ እሷ ግን ወደሱ አልዞረችም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋሽ አምሳሉ ስልክ ደወሉ። ቅዳሜ ምሽት የመጀመሪያው ክፍል ሲተላለፍ ጎረቤት ሁሉ እሳቸው ቤት ተሰብስቦ ሊያይ ነው፤ ሳሚያ ካልመጣች ነገሩ ጎዶሎ ነው። ሰበብ ፈለገች፤ አጣች። ከዚያ በፊት ሄጄ ልንገራቸው አለች፤ ሐሙስም ዓርብም እንዲሁ አለፉ።

ቅዳሜ ከሜክሲኮ አደባባይ በእግሯ እየተጎተተች ደረሰች። ቤቱ ጢም ብሏል። ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተለምኖ መጥቷል፤ ልጆች ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። የጋሽ አምሳሉ ባለቤት እትዬ ጠጅቱ እጇን ይዘው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አስቀመጧትና ሳህን አቀበሏት።

«ብዪ የኔ ልጅ፤ ለአንቺ ብዬ ጎረቤታችን ሀሚዳ ቤት ያሠራሁት ሳምቡሳ ነው። እሷም ሙስሊም ናት፤ ሥጋው ያንቺው ነው፤ እንዳትሳቀቂ።»

ሳሚያ አንዱን አነሳች፤ ሳትነክሰው ሳህኑ ላይ መለሰችው።

ጋሽ አምሳሉ ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ነበር። ድራማው ተጀመረ። ጀልባ ሠሪው ከባሕሩ ዳር ቀና ብሎ ልጅቷን ሲጠራ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«እሰይ ጋሽ አምሳሉ!»

«እንዲያውም ከካርቱኑ ይበልጣል!» አለች ጎረቤታቸው ሀሚዳ።

አንድም ሰው አልለየውም። ሳሚያ ጋሽ አምሳሉን ማየት ፈርታ ሳህኑ ላይ አቀረቀረች። በመጨረሻ ቀና ስትል እሳቸው ቴሌቪዥኑን አይደለም የሚያዩት፤ እሷን ነው። ፊታቸው ላይ ንዴት የለም። ስሙን የረሱትን ሰው ለማስታወስ እንደሚጥሩ ዓይነት ግንባራቸውን ቋጥረው ነበር። ከዚያም ጎረቤቶቹ ጀርባቸውን መታ መታ ሲያደርጓቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ማለቂያው ላይ ስማቸው በስክሪኑ ሲያልፍ ልጆቹ ጮሁ። ሳሚያ የስሞቹን ዝርዝር የሳቸው ስም እንዳለበት ነበር ያስረከበችው። እትዬ ጠጅቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጋሽ አምሳሉ እስከ በሩ ሸኟት።

«ጋሼ…» አለች።

«መሽቷል፤ ታክሲ ሳታጪ ሂጂ» ብለው አቋረጧት፤ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኳን እያነሳች መልሳ አስቀመጠች። በሁለተኛው ቅዳሜ ማግስት ግን ራሷን አስጨክና ሄደች። ሀሚዳን በሩ ላይ አገኘቻት።

«ሰማሽ? ትናንት ጋሽ አምሳሉ ጉድ አደረጉን እኮ!» አለቻት ሀሚዳ። «ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሊጀመር ሲል ብድግ ብለው ‹ይሄ ድምፅ የኔ አይደለም፤ በድሉ የሚባል ጎበዝ ተዋናይ ነው። እኔ አልቻልኩበትም። ባለፈው ማለት ነበረብኝ፤ ጭብጨባችሁ ጣፍጦኝ ዝም አልኩ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ› አሉን። ወላሂ፣ መግቢያ ነው ያጣነው።»

 የሳቸውን ይቅርታ ሀሚዳ ስትነግራት የሳሚያ ጉንጭ በጥፊ እንደተመታ ሰው ጋለ። መመለስ ፈለገች። ጋሽ አምሳሉ ግን ድምፅ ሰምተው ብቅ ብለው ነበር።

«ይግቡ፣ ወይዘሪት ሳሚያ» አሉ።

ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ወደኋላዋ ዞረች። ማንም የለም።

ገብታ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እያለቀሰች። ጣቢያው አጣደፈን ልትል ጀምራ ተወችው። «ፈርቼ ነው» አለች።

«አልተቀየምኩም» አሉ። «ዓይኔ እንደደከመ እኔም አውቃለሁ። እርስዎ ቢነግሩኝ ኖሮ ሰው አልሰበስብም ነበር፤ ያቺን ብቻ ነው ያልወደድኳት። ሚስቴን አስለቀስኳት እኮ።»

ሳሚያ ሰኞ ዕለት አቶ ፍሰሐ ፊት ቆማ የሠራችውን ተናገረች። ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ የበድሉ ስም እንዲጻፍ አስደረገች። ድራማው ተወደደ፤ ከልጆቹ ጋር እናቶችም አባቶችም ቁጭ ብለው አዩት። ስለ ድምፁ ቅሬታ ያቀረበ ተመልካች አልነበረም።

በዓመቱ የካርቱኑ ቀጣይ ክፍል ሲመጣ ሳሚያ ራሷ ጠመንጃ ያዥ ወርዳ ለመነቻቸው። ጋሽ አምሳሉም እሺ ብለው መጡ። በድሉ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዘው አነሱት፤ ከዚያ በኋላ ምሳቸውን ሁልጊዜ ከሱ ጋር ይበሉ ነበር፤ ሳቃቸው እስከ ደረጃው ይሰማል። ሳሚያን ሲያገኟት ከመቀመጫቸው ከፍ ይላሉ፣ «እንደምን አደሩ» ይላሉ፣ ሥራቸውን ጨርሰው «ይፍቀዱልኝ» ብለው ይወጣሉ።

እንደ ድሮው አንቺ ይበሉኝ ብላ ልትለምናቸው ብዙ ጊዜ አስባለች። በምን አፏ?